«ጆሮ» የተባለችው እህቴ

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ ስወርድ የሚዛን ከተማ ዝናብ እንደ ልማዱ ድንገት መጣብኝና ቅርብ ወዳገኘሁት በር ዘልዬ ገባሁ። የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የስልክ ሽፋን ተሰቅሎበታል፣ ሮዝ፣ ወርቃማ፣ ብልጭልጭ ያለበት፤ አዲስ የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ልብሴን እያራገፍኩ ትንሽ ስቆይ ግን ከዚያ ሁሉ አዲስ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መጣ፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ እርጥብ ሳጥን ውስጥ የተረሳ የደረቀ ፍሬ የሚመስል፣ ጣውላው ለዓመታት ጠጥቶት የቀረ የጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ሽታ። ወዲያው አወቅሁት። ቤቱ ያኔ የታምራት ኢንተርኔት ቤት የነበረው፣ ከዚያም በፊት የጀንፈል መጋዘን የነበረው ቤት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ ልጅ ምን እንደምፈልግ ደጋግማ ስትጠይቀኝ አፍሬ፣ የእኔ ላልሆነ ስልክ ሽፋን ገዝቼ ወጣሁ።

ያኔ ቤታችን ከአባባ ሱቅ ጀርባ ነበር። አባባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ወልዴ የሚለው፣ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ ዘመድ ተከትሎ መጥቶ፣ ሚስማርና ገመድ፣ ጆንያና ፋኖስ፣ አሞሌ የሚያህል ሳሙናና በስፍር የሚሸጥ ጨው አንድ ላይ ደርድሮ የሚነግድ፣ ከአንገቱ ቀና፣ ከንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። እማዬ ደግሞ ከሰሜን መጥቶ ማጂ ላይ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረ ሰው ልጅ ናት፤ አማርኛችንን እንደ ፀጉራችን የምታበጥር፣ «እሱ መጣች» የሚል ደንበኛ በሱቁ በር ሲገባ ከጓዳ ሆና የምታቃስት። ከሁለቱ መሃል፣ በግራ የቤንች፣ በቀኝ የካፋ ጎረቤት ይዘን፣ ሱቁ ውስጥ የሸኮን ገበሬና የቴፒን ነጋዴ ስንሰማ ያደግን እኔና እህቴ ጽጌ ብዙ ዓይነት አማርኛ እናውቅ ነበር፤ እኔ ለመስማት ያህል፣ እሷ ለመናገር ጭምር።

ጽጌ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። የማትኮርጀው ድምፅ አልነበረም። ኮረሪማ ሊሸጥ የመጣው ሽማግሌ ገና ከበሩ ሳይርቅ፣ እሱን ሆና አባባን ስትከራከረው አባባ ሚዛኑን አስቀምጦ ይስቅ ነበር። የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበሩን፣ የአውቶቡስ ረዳቱን፣ ጠብ ፈላጊ ጎረቤታችንን ሁሉ ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛቸው ትዞራለች። እማዬ ከማድ ቤት «ማን መጣ?» ብላ ወጥታ ጽጌን ብቻ ያገኘችበትን ጊዜ ማን ቆጥሮት! ሬዲዮ ላይ ነው የምትሠራው ይሏት ነበር፣ እሷም አምናው ነበር፣ እኔም እንደዚሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ ዝናብ ጠፍቶ አቧራው በተነሣበት ወራት፣ ማጅራት ገትር ያዛት። ብዙ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ትሞታለች ብለን ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ እማዬን፣ አባባንና እኔን አንድ በአንድ አየችን፤ ሁላችንም በደስታ እኩል ስንናገር ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ በዚያ በማውቀው ጥርት ያለ ድምፅ፣ «ለምንድን ነው የምታንሾካሹኩት?» አለች።

አላንሾካሾክንም ነበር። እማዬ እንዲያውም እየጮኸች ነበር።

ከዚያ በኋላ የእህቴ ጆሮ እኔ ሆንኩ። ሰው የሚላትን በጣቴ መዳፏ ላይ እጽፍላታለሁ፤ በሁለት በሦስት ፊደል ትገምተዋለች፣ ብዙ ጊዜም ሳልጨርስ ትመልሳለች። ቃሏ አልጠፋም፣ ትናገራለች፤ ስትናገር ግን ሰው አይመልስላትም፣ ወደ እኔ ዞሮ ነው የሚመልሰው። «ውሃ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት» ይሉኛል፣ እሷ ፊታቸው ቆማ። ትምህርት ቤት መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ከንፈሩን ስለማታይ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከኋላ ወንበር በላይ ራቀች። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሯን አጣጥፋ ቀረች። የቤታችን ሳቅም አብሯት ቀረ። አባባ ከሐዘን ይሁን ከኀፍረት አላውቅም፣ ከእሷ ጋር ማውራቱን ተወ፤ ብርቱካን ያመጣላታል፣ ጫማ ይገዛላታል፣ ራሷን ይዳብሳል፣ ቃል ግን የለም።

አንድ የገበያ ቀን የጭነት መኪና ከኋላዋ ጥሩንባውን እያስጮኸ መጣ፤ እሷ አልሰማችም። አንዲት ጎመን ሻጭ ቀሚሷን ይዛ ባትጎትታት ኖሮ አልቆላት ነበር። ያን ቀን ማታ አባባ ቆረጠ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ጽጌ ማጂ ትሄዳለች፤ እዚያ የእማዬ እህት አለች፣ መኪናው አልፎ አልፎ ነው፣ አገሩ ጭር ያለ ነው፣ ቤት ውስጥ እየረዳች ትኖራለች። እማዬ አለቀሰች እንጂ አልተቃወመችም። እኔ ይህን መዳፏ ላይ ስጽፍላት፣ «ማጂ» የሚለውን ጨርሼ ቀና ስል፣ ጽጌ እጇን ጨብጣ ኪሷ ከተተችው።

የታምራት ኢንተርኔት ቤት የተከፈተው በዚያው ክረምት ነው። ታምራት የቤንች ልጅ ነው፣ ጅማ ኮሌጅ ደርሶ የመጣ፣ በዝናብም በጭቃም ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ስለ ኮምፒውተር ሲያወራ ኮምፒውተርን ራሱ የፈጠረው የሚመስል። የአጎቱን መጋዘን ጀንፈሉን አስወጥቶ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶ፣ አራት ኮምፒውተር ደረደረ። ሽታውን ግን ማስወጣት አልቻለም፤ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ልብሱ ቡና ቡና ይሸት ስለነበር፣ እናቶች ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄዶ እንደሆነና እንዳልሆነ በማሽተት ያውቁ ነበር ይባላል።

እኔና ጽጌ በበሩ ስናልፍ ነው የቆመችው። ውስጥ አንድ ወጣት ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ይስቃል። አጠገቡ ሰው የለም። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም፤ ጣቶቹ ግን ይሮጣሉ፣ ያቆማሉ፣ ይስቃል፣ እንደገና ይሮጣሉ።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» አለች፣ ድምፅዋን መመጠን ስለማትችል ቤቱ ሙሉ ዞሮ እስኪያየን።

ታምራት ራሱ መጣ። «ቻት እያደረገ ነው» አለኝ፤ ትርጉሙን ስጠይቀው በኩራት፣ «በጽሑፍ ማውራት ነዋ!» አለ። መዳፏን ተቀብዬ «በጽሑፍ ማውራት» ብዬ ጻፍኩላት።

«ከማን ጋር?»

«ከማንም ጋር» አለ ታምራት፤ እኔም ይህንኑ ጻፍኩላት። ጣቴን እንደያዘች ወደ ውስጥ ጎተተችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ።

ታምራት እንደ ጨርቅ ነጋዴ አንዱን ጠቅልሎ ሌላውን እየዘረጋ የቻት ፕሮግራሞቹን አሳየን። የመጀመሪያው ያኔ የከተማው ወጣት ሁሉ የሚምልበት፣ በሚስቁ ቢጫ ፊቶች የተሞላ ነው። እሱን ለመጀመር መጀመሪያ ኢሜይል ማውጣት፣ ኢሜይል ለማውጣት ደግሞ የሰባት ትውልድ ታሪክ መሙላት ያስፈልግ ነበር። ያን ሁሉ አልፈን ስንገባ፣ ገና ሰላም ሳንል አንድ የማናውቀው ሰው መጣና «ድምፅ ክፈቺ፣ ትሰሚኛለሽ?» ብሎ ጻፈ። ጽጌ አነበበችው። እጇን ዘርግታ መስኮቱን ዘጋችው፤ አዘጋጉን ማንም አላስተማራትም።

ሁለተኛው በማስታወቂያ የታጨቀ ገጽ ነው፤ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ሥዕሉ ከላይ ጀምሮ እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ወርዶ ሳያልቅ ይቋረጣል፣ የጻፍሽውን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ሦስተኛውን ታምራት ማሳየት አልፈለገም ነበር። «ይሄ የጥንት ነው» አለ አፉን አጣሞ፣ «ቀለም የለው፣ ፎቶ የለው። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ናቸው የሚወዱት።» እኔ ግን ልታየው ትፈልጋለች አልኩትና ከፈተው።

ከፈተው ስል፣ መወርወሪያ እንደሌለው በር ነው የተከፈተው። ነጭ መስኮት፣ በቀኝ በኩል የሰዎች ስም፣ መሃል ላይ ወሬያቸው፣ ከታች አንቺ የምትጽፊበት አንድ መስመር፣ በቃ። ፊደል ብቻ ስለሆነ ያ የቀጠነ የሚዛን መስመር እንኳ ይሸከመዋል። ታምራት የአገር ልጆች የሚሰበሰቡበትን ክፍል አድራሻ ጻፈልንና በእሱ ስም ገባን፤ ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፉ እኩል ያወሩ ነበር። ጽጌ ዓይኗ እየሮጠ ስታነብ፣ ከመስመሮቹ አንዱ በድንገት ቀይ ሆነ።

«ይሄ ለምን ቀላ?» አለች።

ታምራት የእሱን ስም ስለጠሩት መሆኑን ነገረኝ፤ ስምሽን የጠራ ሰው ካለ የጻፈው መስመር ላንቺ ቀይ ይሆናል። ይህን ስጽፍላት ረጅም ስለሆነ ሁለቴ መዳፏን ጠረግሁት። ገብቷት ስትጨርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ቀዩ መስመር ላይ አደረገች።

«ይሄ ነው የምፈልገው» አለች። «ሲጠሩኝ አያለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከታመመች ወዲህ ማንም ከኋላዋ ስሟን ጠርቶ ዞር ብላ አታውቅም።

ስም ማውጣት ነበረባት። ጽጌ ብለን ጻፍን፣ ተይዟል አለን፤ በሩቅ አገር አንዲት ጽጌ ቀድማናለች። ታምራት የራሱን ምክር ጀመረ፣ ጽጌ ሚዛን፣ ጽጌ ውቢት፣ ጽጌ ምናምን። እህቴ ግን ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ በአንድ ጣት አራት ፊደል ፈልጋ ጻፈች። ጆሮ ይላል። እኔ ፊቴ ጋለ፤ ታምራት ወደ ጣሪያው አየ። እሷ ግን ከበሽታው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የድሮ ሳቋን ሳቀች፣ ተንኮል ያለበትን፣ ከአፍንጫ የሚጀምረውን።

አጀማመሯ ግን የሚያስቅ ነበር። ማውራት በጽሑፍ ነው ከተባለ ያው ደብዳቤ ነው ብላ፣ «ለማላውቃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብላ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ጽፋ፣ ጊዜ ወስዳ ላከችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሰላሳውም ሰው በአንድ ጊዜ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቃቸው በፊደል ስክሪኑን ሞላው። አንዱ፣ «ጆሮ፣ ፖስታ ቤት ነው እንዴ የመሰለሽ?» አላት። መስመሩ ቀይ ነበር። ጽጌ አልተቀየመችም፤ ቀዩን እንደ ቀይ ከረሜላ ነው ያየችው።

ያን ክረምት ሁሉ እኔ የአባባን ዕቃ ላድርስ ብዬ፣ እሷ ትርዳኝ ብዬ፣ በታምራት ቤት በኩል እንዞር ነበር። ጽጌ በአጭር መጻፍ ለመደች፤ «ቀ» እና «ከ» በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚለዩ ከአንድ አዋሳ ካለ ልጅ ጋር ተከራክራ ረታችው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድምፅ መኮረጇ መመለሱ ነው። በጉሮሮ የተወችውን በጣት ጀመረች። የማዘጋጃ ቤት ሹም ሆና ክፍሉን ስብሰባ ትጠራዋለች፣ የአውቶቡስ ረዳት ሆና «ጠጋ ጠጋ በሉ» ትላቸዋለች፣ ሰላሳውም ሰው ከየአገሩ ይስቃል። ለምን ጆሮ ተባልሽ ሲሏት፣ «ሁሉን ስለምሰማ» ትላለች። ማንም ምንም አልጠረጠረም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሚጻፍ መዳፍ አጥቼ አያታለሁ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ይከፋኛል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ስሟ ዝምታ የሚባል አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል አለ፣ ስትጽፍ ግን አልፎ አልፎ ነው። አንድ ከሰዓት ለብቻ በሚከፈተው መስኮት መጣች። «ጆሮ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ለምን ጆሮ ተባልሽ?»

ጽጌ ያቺን የተለመደች መልስ ልትጽፍ ጀመረችና አጠፋቻት። ደጋግማ ጀምራ አጠፋች። በመጨረሻ፣ «ስለማልሰማ» ብላ ጻፈች። ይህን ለሰው ስትናገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርላት።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ገምቼ ነበር። እኔም አልሰማም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ።»

የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው። ጽጌ ጣቶቿ ከኪቦርዱ በላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ፣ «ታዲያ እንዴት ትኖሪያለሽ?» አለቻት።

«ቆንጆ አድርጌ» አለች ዝምታ።

አዲስ አበባ ናት፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች፣ ባልና ሁለት ልጆች አሏት፣ በአውቶቡስ ተጋፍታ ሥራ ትሄዳለች፣ ቲያትር እንኳ ታያለች። በእጅ ይወራል አለች፤ ቋንቋ ነው፣ ሰዋስው አለው። ጽጌ፣ «ሐሜትስ?» ብላ ጠየቀቻት። «ሐሜትማ በእጅ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው» አለች። እኔና ጽጌ ተያይዘን ሳቅን። በዚያ ሳምንት ወሬያቸው ሌላ ሆነ፤ ጽጌ አዲስ አበባ ትምህርቷን መቀጠል እንደምትችል፣ እስክትለምድ ዝምታ ቤት ማረፍ እንደምትችል። መስከረም ጠብቷል፣ መንገዱም መድረቅ ጀምሯል። እማዬ የጽጌን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታለች፤ የተዘጋጀው ለማጂ ነው።

ለአባባ የነገርኩት እኔ ነኝ። እማዬ በድንጋጤ «ኮምፒውተር ውስጥ ካለች ሴት ጋር?» ብላ አማተበች። አባባ ግን፣ «የት ነው ያለችው? ላናግራት» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ታምራት ቤት ገባ። ታምራት ራሱ ወንበር ጠረገለት። አባባ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ከካርቶንና ከጆንያ ላይ ስለተማራቸው ያውቃቸዋል፤ ጻፉ ሲባል ግን ሚስማር እንደሚመታ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዷን ፈልጎ፣ አንዴ ካገኛት አጥብቆ ነው።

«ወልዴ ነኝ። የጽጌ አባት።»

«እንደምን ዋሉ አባቴ» አለች ዝምታ።

አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። ለስክሪኑ ባርኔጣ ሲያወልቅ ታምራት ፊቱን አዞረ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። አባባ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትውልድ አገሯን፣ የባሏን ሥራ፣ የቤቷን አቅጣጫ ጠየቀ፤ እሷም አንድ በአንድ መለሰች። ከዚያ፣ «ስልክ ልደውል፤ ድምፅሽን ልስማ። ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው» ብሎ ጻፈ።

«አባቴ፣ ቢደውሉ የሚያነሣው ባለቤቴ ነው፣ እሱን ያናግሩት። የእኔ ድምፅ ግን ይኸው ይሄ ነው፤ ከዚህ ሌላ የለኝም።»

አባባ ከስክሪኑ ሸሸት አለ። ከመጣ ጀምሮ የሚያወራው ከማትሰማ ሴት ጋር መሆኑን እንደረሳው ከፊቱ አየሁ። በዚያው በከባድ ጣቱ፣ «አባትሽ ያኔ ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቃት።

«አባቴ እንዴት እንደሚያናግረኝ አያውቅም ነበር፣ ሳያናግረኝ ሞተ። ትምህርት ቤት ያስገባኝ አጎቴ ነው። እርስዎ ግን ይኸው እያወሩ ነው።»

አባባ አነበበው። እንደገናም አነበበው። ከዚያ ወደ ታምራት ዞሮ፣ «ልጄን ሌላኛው ላይ አስቀምጣት፤ ከእሷ ጋር አገናኘኝ» አለ። ታምራት ጽጌን ከጎኑ ባለው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፣ ለአባባ ወልዴ የሚል ስም አውጥቶለት፣ ሁለቱን ለብቻ አገናኛቸው። አባትና ልጅ ክርን ለክርን ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው መሃል ላይ ቆሜ ሁለቱንም ስክሪን አያለሁ።

«ጽጌ» አለ። ይህን ጽፎ ጠበቀ።

«አቤት አባባ» አለች።

አቤት ካለችው ስንት ጊዜዋ ነው።

«ማጂ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። አንተ መልሱን ለእማዬ ነው የነገርካት።»

አባባ ጽጌን ዞር ብሎ አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ሁለቱም ፊታቸው ወደየስክሪናቸው ነው። ከዚያ አባባ መጻፍ ጀመረ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንደታመመች ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሞ የተሳለውን፣ ከዳነች በኋላ ፊቷን ባየ ቁጥር አፉ የሚደርቀውን፣ መኪናው ሊገጫት የነበረ ዕለት ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ማልቀሱን፤ ፊደሉ የተሳሳተ፣ ቃሉ የተዋጠ፣ አንዱ ከአንዱ የተጣበቀ ሆኖ፣ ግን ሳያቋርጥ። ጽጌ እያንዳንዱን ስታነብ ጉንጯ ይረጥባል። «አባባ፣ ሱቁን ማን ይጠብቃል አሁን?» አለችው በመሃል፤ የቆየ ጨዋታቸው ነው፣ ከሱቅ ርቆ አያውቅምና። «ይጥፋ» አለ አባባ። ጋሽ ወልዴ ስለ ሱቁ ይጥፋ ሲል እግዚአብሔርና እኔ ምስክር ነን።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። ሁለቱም ስክሪን ጥቁር ሆነ። አባባ ጣቱ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ አንድ ነገር ሊጨምር ነበር። ከዚያ ወንበሩን ወደ ልጁ አዞረ፣ አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ፊቱ አቅንቶ፣ ከንፈሩን ቀስ አድርጎ እያንቀሳቀሰ፣ «አዲስ አበባ» አላት። ከንፈሩን አነበበችው።

ሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቀን ተዘግቶ፣ አባባ ጽጌን ይዞ በጅማ በኩል ሄደ። አዲስ አበባ መናኸሪያው ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ጃንጥላ በአንድ እጇ፣ «ጆሮ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን በሌላ እጇ ይዛ ጠበቀቻቸው። አባባ ሲመለስ ስለ ከተማው ምንም አልነገረንም፤ ስለ ካርቶኑ ግን ለደንበኛ ሁሉ ያወራ ነበር።

እኔም ከእህቴ ጋር ለመገናኘት ብቻዬን ታምራት ቤት መሄድ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሆና ትገባለች፤ ግን አሁን የእኔ ብቻ አይደለችም፣ ገና ስትገባ ስሟን የሚጠራው ይበዛል፣ እኔ እንደ ማንም ተራዬን እጠብቃለሁ። ስለ እጅ ቋንቋ ትነግረኛለች፣ እንዴት እንደሚፈጥን፣ ሰው በፊቱ ጭምር እንደሚያወራ። በመጀመሪያው ዕረፍት መጥታ መናኸሪያው ላይ ስቀበላት፣ ከደስታዬ ብዛት እጇን ይዤ መዳፏ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ፈገግ ብላ እጇን በቀስታ ወሰደችና ሁለቱንም አንሥታ አየር ላይ አንድ ነገር አለችኝ። ያማረ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።

ዛሬ ጽጌ ቴፒ ናት። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ታስተምራለች፤ ከሸኮም፣ ከገጠሩም ልጆች ይመጡላታል። አግብታ ወልዳለች። በስልክ በቪዲዮ እያየኋት በእጅ እናወራለን፤ እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ እጄ ይንተባተባል፣ እሷም የእኔን መንተባተብ ለልጆቿ ትኮርጅላቸዋለች። ከዚያ ዘመን የተሻለ ነው፣ አልዋሽም። ግን ያ ነጭ መስኮት ዛሬ የለም፣ ክፍሉም ተዘግቷል። ያ አዋሳ ያለ ልጅ፣ ፖስታ ቤት ነው እንዴ ያላት ቀልደኛ፣ ያ ሁሉ እህቴን እየጠራ ያሳቃት ሰው የት ገባ? ፊታቸውን አናውቅም ነበር፣ ስማቸውንም እንዲሁ። ታምራት ኮምፒውተሮቹን ሸጦ ቡና ንግድ ገባ። የጽጌ የድሮ ድምፅም ሄደ፤ መናገር አልተወችም፣ ግን ሳትሰማው የቆየ ድምፅ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፣ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ድምፅ አብሮት ጠፋ። ኮረሪማ ሻጩ ሽማግሌ ሞቶ ነበር፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ግን ቆይቶልን ነበር፤ አሁን በዚያም የለም።

አባባ ያረፈው ካቻምና ነው። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ እኔና ጽጌ በረንዳው ላይ ብቻችንን ተቀመጥን። እጇን አንሥታ፣ «ረሳሁት» አለችኝ። ምኑን ስላት፣ «ድምፁን። የሰው ሁሉ ድምፅ ቀስ በቀስ ሲጠፋብኝ የእሱን ይዤው ነበር፤ አሁን ስፈልገው የለም። ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

ልነግራት እጄን አነሣሁ። ለዓመታት በየቀኑ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ወፍራም ነበር ልበል፣ ጎርናና ልበል? እነዚህ ቃላት የማንም ሰው ድምፅ ናቸው። በእጅ ቋንቋም፣ በአማርኛም አጣሁለት። በመጨረሻ፣ «ያን እሑድ ታምራት ቤት እንደጻፈልሽ ነበር» አልኳት። «ለመጀመር ይቆያል። ከጀመረ ግን፣ ስህተቱንም ሳያርም፣ የያዘውን ሁሉ ሳያወጣ አይመለስም።»

ጽጌ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ» አለች፣ በአፏ። «አሁን ሰማሁት።»